የድምቢጤ ጨፌ ዝይዎች ከቁም ሣጥንዎ ስለ መውጣታቸው

ለክቡር አቶ ሸዋዓለም ጸጋው
የጦሳ ዙሪያ ብዝኃ ሕይወት መረጃ ማደራጃ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ደሴ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ጽሕፈት ቤትዎ ጓጉንቸር የጠነከረ እንዲሆን፣ ቤተሰብዎም በሙሉ የጦሳ ብርድ ሳይነካቸው ይህ በጋ እንዲያልፍላቸው ከልብ እመኛለሁ። እኔ በደሴ ከተማ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ የማስተምር ጽናት እንድርያስ የምባል ዜጋ ስሆን፣ ይህን ደብዳቤ በአደባባይ ለማውጣት የደፈርኩት ከዚህ በፊት በመዝገብ ቤትዎ በኩል የላክኋቸው ደብዳቤዎች ጥሩ ማረፊያ እንዳገኙ ስለተረዳሁና ዕረፍታቸውን መረበሽ ስላልፈለግሁ ነው።

የምጽፍልዎ በዋናነት ለማመስገን ነው። ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ማስቀመጤም በጽሕፈት ቤትዎ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የዜጎች ቻርተር ማንኛውም ጉዳይ በቁጥር ተለይቶ እንዲቀርብ ስለሚያዝዝ ነው።

እንደሚያስታውሱት በ2002 ዓ.ም. ሕዝቡን በከተማው አዳራሽ ሰብስበው፣ በአካባቢያችን የሚገኙ አዕዋፍን የሚመዘግቡ በጎ ፈቃደኞች እንደሚፈልጉ በራስዎ አንደበት ሲነግሩን፣ እጃችን እስኪቀላ አጨብጭበናል። ከቦሩ ሜዳ አጠገብ ያለውን፣ የሰፈሩ ሰው ድምቢጤ ጨፌ የሚለውን ረግረግ ሜዳ ለመመዝገብ ፈቃደኛ የሆንነው ሦስት ነበርን። አንዷ እኔ ነኝ። ሁለተኛው ከጨፌው በላይ ባለው ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግሉት መሪጌታ ቀለሙ ናቸው። ሦስተኛው ከብቶቻቸውን በጨፌው ዳር የሚያሰማሩት ገበሬው ጋሽ በሽር ሲሆኑ፣ እርሳቸው ስለ ወፍ ምንም ግድ እንደሌላቸው፣ የመጡትም የጨፌው ሣር ጉዳይ በተነሣበት ቦታ ሁሉ መገኘት ስላለባቸው እንደሆነ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በግልጽ ተናግረዋል። ዓርብ ለጋሽ በሽር፣ እሑድ ለመሪጌታና ለእኔ ስለማይመች በቅዳሜ ተስማማን። በሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ አንድ መሪጌታ፣ አንድ ሙስሊም ገበሬና አንዲት የወንጌላውያን መዘምራን ቡድን አባል በአንድ የወፍ መጽሐፍ ላይ ተደፍተው ሲከራከሩ ያየ ረዳት፣ የትኛው ሃይማኖት እንደሆነ ግራ ገብቶት ጠይቆናል።

እንዲህ እያልን ሁለት ዓመት መዘገብን። ከሁሉ በላይ የደስታችን ምንጭ የነበረችው ሰማያዊ ክንፍ ያላት ዝይ ናት፤ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በዓለም ላይ የትም የማትገኝ፣ ቆማ ስትታይ እንደ ደብዛዛ ድንጋይ የምትመስል፣ ክንፏን ስትዘረጋ ግን ሰው ያፉን ቃል የሚያስረሳ ሰማያዊ የምታወጣ ወፍ ናት። የሰበሰብነውን ሁሉ በ2004 ዓ.ም. ለጽሕፈት ቤትዎ አስረከብን። ዋናው ብቻ ሳይሆን ቅጂውም ገቢ እንዲሆን በታዘዝነው መሠረት ቅጂውንም አስረከብን። እንግዲህ ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

፩. ያመጣነውን መረጃ ከሰው ዓይን ስለ ጠበቁልን አመሰግናለሁ። ሌባ እንዳይወስደው ቁም ሣጥን ውስጥ ቢቆልፉበት ማንም ያደርገዋል፤ እርስዎ ግን ከተመራማሪ፣ ከተማሪ፣ ከወረዳ ባለሙያና ከእኛ ከራሳችን ጭምር ጠብቀውታል። ለትምህርት ቤታችን የአካባቢ ክበብ የዝይዎቹን ምዝገባ ለማሳየት ፈልጌ በመጣሁ ጊዜ፣ በጨዋነታቸው የማልረሳቸው የክፍሉ ባለሙያ ወይዘሮ አትጠገብ መረጃው የጽሕፈት ቤቱ ንብረት ስለሆነ ለውጭ ሰው እንደማይታይ አስረዱኝ።

«የሰበሰብነው እኮ እኛ ነን» አልኳቸው።

«ለዚያማ በጣም እናመሰግናለን» አሉኝ ከልባቸው። «ማየቱ ግን ሌላ ሂደት ነው።»

ሂደቱ ምን እንደሆነ ስጠይቅ፣ መረጃው ውስጥ ምን እንዳለ ዘርዝሬ፣ ለምን እንደምፈልገው ገልጬ ማመልከት እንዳለብኝ፣ ውስጡ ያለውን ዘርዝሬ ባመለከትሁ ጊዜ ደግሞ እንዴት ልታውቅ ቻለች የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ ነገሩኝ። ክቡር ሆይ፣ ከዚህ የበለጠ ጥበቃ በባንክም አላየሁም።

፪. መረጃችንን ደረጃውን የጠበቀ ስላደረጉልን አመሰግናለሁ። ይህን ልናውቅ የቻልነው በ2005 ዓ.ም. በመልካም አስተዳደር ሳምንት ጽሕፈት ቤትዎ ባዘጋጀው ዐውደ ርእይ ላይ የእኛ ምዝገባ ተጠቃሎ በትልቅ ሰሌዳ ተሰቅሎ ስላየነው ነው። መሪጌታ መነጽራቸውን አድርገው ሲያነቡ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ የሚያለቅሱ መስሎኝ ስጠጋ በሣቅ እየታፈኑ ነበር። እኔ ቀኖቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ መሪጌታ በእኛ ዘመን አቆጣጠር መጻፋችን የእኛ ጥፋት ነው፤ በየትኛው አቆጣጠር እንደምንጽፍ የነገረን ባይኖርም። የጽሕፈት ቤትዎ ባለሙያዎች ግን ሁለቱን ሳይለዩ በአንድ ዓምድ በማስፈራቸው፣ በ2005 ዓ.ም. ቆመን በ2011 ዓ.ም. ስለምትታይ ዝይ ለማንበብ በቅተናል። ገና ያልተፈለፈለች ወፍ አስቀድሞ የመዘገበ መሥሪያ ቤት በአህጉራችን ሌላ ያለ አይመስለኝም።

ጠዋት አንድ ሰዓት ብለን የጻፍነውም እንደ ፈረንጅ አንድ ሰዓት በመወሰዱ ሌሊት ሰባት ሰዓት ሆኖ፣ ዝይዎቻችን ሰው ሲተኛ የሚሰማሩ ሆነዋል። ጋሽ በሽር «ትልቋ ዳክዬ»፣ መሪጌታ «የጨፌ ዝይ»፣ እኔ በሳይንሳዊ ስሟ የጻፍናት አንዲት ወፍ ሦስት የተለያዩ ዝርያዎች ሆና ስትቆጠር፣ በአንጻሩ ሦስት የተለያዩ ትናንሽ ወፎች «ወፍ» ተብለው በአንድ መስመር ተዋህደዋል። ቦታ በሚለው ዓምድ ሥር ደግሞ ከላይ እስከ ታች «እዚያው» የሚል ቃል ሰፍሯል። የሰሌዳው አስጎብኚ «እዚያው» የት እንደሆነ ስንጠይቃቸው ጥቂት አሰቡና «ቅድም የተባለው ቦታ» ብለውናል።

ሣቅን፤ ሣቃችን ግን ብዙ አልቆየም። ወደ ሦስተኛው ምስጋናዬ የሚያደርሰኝም ይኸው ነው።

፫. ከድምቢጤ ጨፌ መካከል ቦይ ተቆፍሮ፣ ውኃው ተንጠፍጥፎ፣ መሬቱ ለአትክልት እርሻ እንዲውል የሚል ዕቅድ በዚያው ዓመት መጣ። ይህን ሐሳብ ክፉ ሰው ያመጣው አድርጌ አላቀርበውም። የጋሽ በሽር ባለቤት ወይዘሮ ጣይባ ራሳቸው «ባሌ ሣር ይላል፣ አንቺ ወፍ ትያለሽ፤ እኔ የምፈልገው ለገበያ የሚሆን ሽንኩርት ነው» ብለው ፊት ለፊት ነግረውኛል፤ እውነታቸውንም ነበር። ጥያቄው ቦዩ የት ይለፍ የሚል ነበር። በመካከል ካለፈ ጨፌው ይደርቃል፤ ዝይዎቹም መክረሚያ ያጣሉ፣ በበጋ ሌላው ግጦሽ ሁሉ ሲደርቅ ወደዚያ የሚነዱት የሰፈሩ ከብቶችም መሄጃ ያጣሉ።

የአካባቢ ተጽዕኖ ጥናቱን የያዙት ከኮምቦልቻ የመጡ ወይዘሮ አስናቀች የሚባሉ የውኃ መሐንዲስ ነበሩ። በኮምቦልቻ በተጠራው ስብሰባ ላይ ተነሥቼ ስለ ዝይዎቹ በተናገርሁ ጊዜ በትኩረት አዳመጡኝና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ።

«የት ተጽፏል? እኔ እኮ በሪፖርቴ ላይ 'አንዲት መምህርት ነገረችኝ' ብዬ መጻፍ አልችልም። የምጠቅሰው ነገር ስጪኝ፤ ማንም ሰው ሄዶ የሚያየው።»

እኔም በኩራት ወደ ጽሕፈት ቤትዎ ተወካይ ዞርሁ። ተወካይዎ ተነሥተው፣ መረጃው መኖሩን፣ ይሁን እንጂ በመደራጀት ሂደት ላይ ስለሆነ ለማንም ሊሰጥ እንደማይችል፣ የትራንስፎርሜሽን ዕቅዱ በ2007 ዓ.ም. ሲጠናቀቅ ግን ሊታይ እንደሚችል በተረጋጋ ድምፅ አስታወቁ። ከዚያም ተቀመጡ። ጋሽ በሽር እጃቸውን አወጡ።

«ወላሂ እኔ አልተማርሁም» አሉ። «ግን አንድ ነገር ግራ ገባኝ። ዝይዋ ጨፌው ላይ አለች። ወረቀቷ ደሴ አለ። ዝይዋ እንዳለች የሚታወቀው ወረቀቷ ሲወጣ ከሆነ፣ ወረቀቷ የሚወጣው ደግሞ ቦዩ ከተቆፈረ በኋላ ከሆነ፣ ያኔ የሚወጣው የሟች ወረቀት ነው ማለት ነው?»

አዳራሹ ሣቀ፤ እኔ ግን አልሣቅሁም። በተቀመጥሁበት የታየኝ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ በውርጭ ቆመን የለቀምነው ሁሉ፣ እኛም ሳንጠቀምበት ሌላውም ሳያየው፣ ጭራሽ ጨፌው ባዶ ለመሆኑ ማረጋገጫ ሊሆን እንደሆነ ነው። ወይዘሮ አስናቀች ከስብሰባው በኋላ በኮሪደር ያዙኝና ሪፖርታቸውን የሚዘጉት ከጥምቀት በኋላ እንደሆነ፣ እስከዚያ የሚጠቀስ ነገር ካገኘሁ እንደሚያነብቡት ነገሩኝ። ቃል አልገቡልኝም፤ ጊዜ ሰጡኝ እንጂ። ደግ ሰው ናቸው።

እንግዲህ ክቡርነትዎን ልዩ ምስጋና የማቀርበው እዚህ ላይ ነው። መረጃውን ሰጥተውን ቢሆን ኖሮ እንደገና አንቆጥርም ነበር።

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ሦስት የነበርነው ብዙ ሆንን። ከትምህርት ቤቴ መምህራን መጡ፤ ከቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን መጡ፤ ከመሪጌታ አጥቢያና ከጋሽ በሽር መስጊድ ጎረቤቶች መጡ። ከመቁጠራችን በፊት በጨፌው ዳር ተቀምጠን ሕግ አወጣን፤ አንድ ወፍ አንድ ስም ይኑራት፣ ቀኑ በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፍ፣ ሰዓቱ ጠዋት ይሁን ማታ ይለይ፣ ቦታው በጂፒኤስ ይያዝ፣ ያየው ሰው ስሙን ያስፍር አልን። የስሙ ክርክር ረጅም ነበር። ሁሉም የየራሱን ስም ካለ በኋላ እኔ ሳይንሳዊ ስሟን፣ ሲያኖኬን ሲያኖፕቴራ፣ ብዬ ሳነብብ ጋሽ በሽር «ይኼማ የሐኪም ቤት መድኃኒት ነው፤ ከምግብ በፊት ነው በኋላ?» ብለው ስብሰባውን በተኑት። በኋላ ግን ስሙን ከሁላችን አስቀድመው የያዙት እርሳቸው ሆኑ፤ ለከብቶቻቸው ሲጠሩት ሁሉ ሰምቻለሁ።

የመጀመሪያው ቅዳሜ አንዲት ዝይ አልነበረችም።

ያን ሁሉ ሰው ከሙቅ አልጋው አስነሥቼ፣ በሚኒባስ ጭኜ አምጥቼ፣ ጨፌው ላይ ከቁራ በቀር የሚታይ አልነበረም። ሰዎቹ በትሕትና ሰማይ ሰማይ ያዩ ነበር። መሪጌታ መጥተው አጠገቤ ቆሙ።

«የለም ብለን እንጻፍ» አሉኝ።

«መሪጌታ፣ እርሱን ከጻፍን እኮ አለቀልን።»

«ልጄ፣ ያላየነውን አየን ብንል ያን ጊዜ ነው የሚያልቅልን። የለም ብለን በጻፍንበት እጅ አለ ብለን ስንጽፍ ሰው ያምነናል።»

ጻፍነው። ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር አስቀምጠን፣ ሰማያዊ ክንፍ ያላት ዝይ አልታየችም ብለን ጻፍን፤ ያን ዕለት ወደ ደሴ ስንመለስ በሚኒባሱ ውስጥ የዘመረም የቀለደም አልነበረም። ወይዘሮ ጣይባ ብቻ በማግስቱ ደውለው፣ ከብቶቹ ወደ ላይኛው ምንጭ በመሰማራታቸው ሌሊቱን ጨፌው ላይ ሲፈነጩ ያደሩት የሰፈር ውሾች ወፎቹን ሳያባርሩ እንዳልቀሩ ነገሩኝ። ሽንኩርት ፈላጊዋ ጣይባ በሚቀጥለው ቅዳሜ ውሾቹን በራሳቸው ግቢ አስረው ጠበቁን።

ያን ጠዋት ጉሙ ከጨፌው ላይ ሲነሣ፣ የዝይዎቹን ድምፅ መጀመሪያ የሰሙት መሪጌታ ነበሩ፤ እጃቸውን አንሥተው ሁላችንንም ዝም አሰኙን። ቀጥሎ ከሣሩ ውስጥ ደብዛዛ ድንጋዮች መራመድ ጀመሩ። ጥንድ ጥንድ ሆነው፣ ሌላ ቦታ ደግሞ በመንጋ፣ አንገታቸውን ወደ ጀርባቸው ጥለው ሣር ይግጡ ነበር። አንደኛው መንጋ ተነሥቶ ሲበር ያ ሰማያዊ በአንድ ጊዜ ተዘረጋ። ከመዘምራኑ አንዷ ሳታስበው ሃሌሉያ አለች፤ ጋሽ በሽር አላሁ አክበር አሉ፤ መሪጌታም አማተቡ። ከዚያ ሁሉም ደንግጦ ወደ መቁጠሩ ተመለሰ። በቁጥሩ ላይ ጋሽ በሽርና መሪጌታ ስላልተስማሙ ሁለቱም ቁጥር ከነስማቸው ተመዝግቧል፤ እስከ ዛሬም አልታረቁም።

ከዚያ የቀረው የኮምቦልቻ ኢንተርኔት ቤት ሥራ ነበር። የሰበሰብነውን ሁሉ፣ ያልታየችበትን ቀን ጭምር፣ ዓለም በጋራ ወደሚጠቀምበት፣ ማንም ያለ ፈቃድ ገብቶ ወደሚያነብበው የብዝኃ ሕይወት መረጃ ማከማቻ ለመስደድ ተቀመጥሁ። ዓለማየሁ የሚባለው የቤቱ ባለቤት፣ መብራት በጠፋ ቁጥር «መምህርት፣ ዝይዎቹ የት ደረሱ?» እያለ ይጠይቀኝ ነበር፤ እኔም አንዴ ደጋን፣ አንዴ አዲስ አበባ እያልሁ እመልስ ነበር። በመጨረሻ ሲያልፍ፣ ለመረጃችን የማይለወጥ አንድ መለያ ቁጥር ተሰጠው። ይህ ቁጥር በማንኛውም ሪፖርት ላይ ሲጻፍ፣ አንባቢው ማን፣ መቼ፣ የት፣ ምን እንዳየ ራሱ ገብቶ ያረጋግጣል ማለት ነው። ዓለማየሁ ጎረቤት ያለውን የጫማ ነጋዴ ጠርቶ አሳየው። ነጋዴው ዝይዎቹ የት እንደደረሱ ጠየቀ፤ «ሁሉም ቦታ» አለው ዓለማየሁ።

ወይዘሮ አስናቀች መለያ ቁጥሩን በተቀበሉ ጊዜ ደስታም ሐዘንም አላሳዩም። ሁሉንም አንብበው፣ ስለ ዘዴያችን ጠንከር ያለ ጥያቄ ጠየቁን፤ ከዚያም ስልክ ደውለው «ያልታየችበትን ቀን መጻፋችሁ ጥሩ ነው፤ ያመንኋችሁ እዚያ ላይ ነው» አሉኝ። ስልኩን ለመሪጌታ ሰጥቼ ያንኑ እንዲደግሙላቸው ለመንኋቸው። ሪፖርታቸው ሲወጣ፣ ቦዩ ከጨፌው መካከል ወጥቶ በታችኛው በኩል ወዳለው ደረቅ መሬት እንዲዞር፣ የጨፌው ውኃም እንዳይነካ የሚል ነበር፤ ውሳኔውም በዚያው ጸና። ከምክንያቶቹ ሥር የእኛ መለያ ቁጥር ተጠቅሷል። ስማችንም አለ። ጋሽ በሽር ስማቸውን በጣታቸው ተከትለው ካነበቡ በኋላ፣ ስለ ወፍ አሁንም ግድ እንደሌላቸው አስታውሰውን፣ ወረቀቱን አጥፈው በደረት ኪሳቸው ከተቱት። ወይዘሮ ጣይባም በአዲሱ ቦይ ዳር ሽንኩርታቸውን ተክለዋል፤ ያመጡልኝን ቀምሻለሁ፤ ያስለቅሳል።

ክቡር ሆይ፣ ጽሕፈት ቤትዎ በዘንድሮው የግማሽ ዓመት ሪፖርቱ ድምቢጤ ጨፌን «በጽሕፈት ቤቱ የመረጃ አቅም ከተገኙ ውጤቶች» መካከል አድርጎ ማስፈሩን አንብበናል። አልተቀየምንም። እንዲያውም ከሪፖርቱ ሥር የእኛ መለያ ቁጥር በትክክል መጠቀሱን ስናይ ተደስተናል፤ መረጃ ክፍት ሲሆን የሚጠቅመው የደከመበትን ብቻ እንዳልሆነ አስተምረውናል። ከሐይቅ፣ ከደጋንና ከደሴ ዙሪያ የየራሳቸውን ጨፌና ደን ለመመዝገብ የሚፈልጉ ሰዎች እየጠሩን ስለሆነ፣ እርስዎም አንድ ቅዳሜ ቢመጡ በሚኒባሱ የኋላ ወንበር ቦታ እንይዝልዎታለን። የሚያስፈልግዎ ቡትስ ጫማ ብቻ ነው።

ለጽሕፈት ቤትዎ ጽኑ ግድግዳ፣ ለበሩም የማይናወጥ ጽናት ያለኝን ጥልቅ አክብሮት እየገለጽሁ፣ ሹመትዎ እንዲረዝም፣ ወንበርዎም እንዲመችዎ እየተመኘሁ፣ በብዙ ትሕትናና በጥቂት ጭቃ እሰናበታለሁ።

ጽናት እንድርያስ
የባዮሎጂ መምህርት
ደሴ፣ የካቲት 2006 ዓ.ም.

ማሳሰቢያ፦ ባለፈው ሰኞ ለጉዳይ ጽሕፈት ቤትዎ መጥቼ ሳለ፣ ከአገልግሎት መስጫው መስኮት በላይ ባለው ኮርኒስ ቀዳዳ አንዲት ጉጉት ጫጩቶቿን ይዛ ተቀምጣ አይቻለሁ። ይህች ወፍ ጎጆዋን የምትሠራው ጸጥታ ባለበት፣ እንቅስቃሴ በማይበዛበትና ለረጅም ጊዜ ሰው በማይደርስበት ቦታ እንደሆነ ይታወቃል። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ቆሜ ስጠብቅ የረበሻት አልነበረም። ምልከታው ቀኑ በሁለቱም አቆጣጠር ተገልጾ፣ ቦታው በጂፒኤስ ተይዞ ከትናንት ጀምሮ ለመላው ዓለም ክፍት ሆኗል፤ በሥራ ሰዓት ሌላ ሕይወት ያለው ነገር እንዳልታየም በዚያው ሰፍሯል።